ከአጽም ማንነትን ማወቅ ይቻላል? የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስት ሥራና ኑሮ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስት መሆን እፈልጋለሁ። በፊልም እንደሚታየው ከአጥንት ብቻ የሟቹን ማንነት ማወቅ በእርግጥ ይቻላል? የዕለት ተዕለት ሥራውስ ምን ይመስላል? ከሙታን ጋር መዋል አእምሮን አይጎዳም? ከአሁኑ ምን ልማር?

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሳ፤ የቀሩት በእሱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አይቻልም። ከአጥንት ብቻ ተነስቶ «ይህ እገሌ ነው» ማለት አይቻልም። ከአጥንት የሚገኘው ወሰን ነው፤ ዕድሜው ከዚህ እስከዚህ፣ ቁመቱ ከዚህ እስከዚህ፣ ጾታው ምናልባት ወንድ፣ በሕይወት ሳለ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ድኗል። ስሙ የሚመጣው ይህ ወሰን ከሕያዋን ዘንድ ከተገኘ መረጃ ጋር፣ ማለትም ከጥርስ ሐኪም መዝገብ፣ ከድሮ ራጅ ወይም ከእናት ከተወሰደ የዲኤንኤ ናሙና ጋር ሲገጥም ነው። የሙያው ግማሽ አጥንትን ማንበብ ነው። ሌላው ግማሽ ከሚያውቁት በላይ አለመናገር ነው። ፊልሞቹ ይህን ሁለተኛውን ስለማያሳዩ እኔ በእሱ ላይ ልቆይ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የሥራ ድርሻችንን እንለይ። ሥጋው ያልፈረሰ አስከሬን የሚመረምረው ፎረንሲክ ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ሐኪሙ ነው። እኛ የምንጠራው ሥጋው ሲፈርስ፣ ሲቃጠል፣ ሲበታተን ወይም አጥንት ብቻ ሲቀር ነው። የሞትን ምክንያት በሰነድ የሚያሰፍረውም በአብዛኛው ሐኪሙ ወይም በሕግ የተሾመ ባለሥልጣን እንጂ እኛ አይደለንም። እኛ «በራስ ቅሉ ግራ ጎን እንዲህ ያለ ስብራት አለ፤ የደረሰውም አጥንቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው» እንላለን። «የሞተው በዚህ ነው» አንልም።

ፖሊስ የአጥንት ከረጢት ይዞ ሲመጣ የምንመልሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይልቅ ቀለል ያለ ነው። ይህ አጥንት ነው? ከሆነስ የሰው ነው? ከሚመጣልን ውስጥ ብዙው የእንስሳ ነው። ቆዳውና ጥፍሩ የተገፈፈ የድብ መዳፍ ከሰው እጅና እግር ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሳይቀር ያሳስታል። ቀጥሎ ዘመኑ ይታያል፤ የጥንት መቃብር ከሆነ ጉዳዩ የአርኪዮሎጂስቶች ነው። ከዚያ የሰዎቹ ቁጥር ይቆጠራል፤ ሁለት የቀኝ ጭን አጥንት ካለ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። ዕድሜ፣ ጾታና ቁመት የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዕድሜን ጠጋ ብለን እንየው። አራስ ሕፃን ወደ 300 የሚጠጉ የአጥንት ክፍሎች አሉት፤ አዋቂ 206። ቁጥሩ የሚቀንሰው ተነጣጥለው የሚያድጉት ክፍሎች እየተጋጠሙ አንድ ስለሚሆኑ ነው፤ የሚጋጠሙበትም ጊዜ እንደየአጥንቱ ይለያያል። ከሁሉ የሚዘገየው ከአንገት ሥር፣ በደረትና በትከሻ መሐል የተጋደመው አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከሆነ ያንን ጫፍ በአውራ ጣትሽ ስትዳስሺው ሸካራ ነው፤ ሞገድ ሞገድ ይላል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ግድም መሐሉ ላይ ቅርፊት የመሰለ ስስ የአጥንት ሽፋን ተለጥፎ ይታያል፤ ዳሩ ገና ስላልተጣበቀ ጥፍርሽ ስንጥቁን ያገኘዋል። ሠላሳ ዓመት ሲጠጋ ሽፋኑ ጫፉን በሙሉ ይዞ ይለሰልሳል። እንግዲህ ይህ ጫፍ አሥራ ሰባትን ከሃያ ስምንት ይለያል። ሃያ አራትን ከሃያ ስድስት ግን አይለይም፤ ይለያል የሚልሽ ካለ አትመኚው።

ከሠላሳ በኋላ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዕድገት አብቅቶ የምናነበው የእርጅናን ምልክት ነው፤ ሰው ደግሞ እኩል አያረጅም። በብዛት የምንጠቀመው ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚገናኙበትን ገጽ ነው። በወጣትነት በጎድጓዳ መስመሮች የተሞላ ነው፤ ቀስ እያለ ይደለደላል፣ ዙሪያውን ጠርዝ ያወጣል፣ በመጨረሻ ይቦረቦራል። በ1990 ተጠናቅሮ የወጣው የሱቼና የብሩክስ ዘዴ ይህን ለውጥ በስድስት ደረጃ ይከፍለዋል። ለወንዶች የመጀመሪያው ደረጃ ከ15 እስከ 23 ዓመት ነው። ስድስተኛው ከ34 እስከ 86 ነው። የሃምሳ ሁለት ዓመት ልዩነት ማለት ነው። አንድ መርማሪ «ታዲያ ይህ ምን ይጠቅመኛል?» ቢልሽ መልሱ «የሃያ ዓመት ልጅ የጠፋባቸውን ቤተሰቦች ፋይል ለጊዜው ወደ ጎን አድርግልኝ» ነው። ጥቅሙ በማስወገድ ላይ ነው። መርማሪው ደስ እንዲለው ብለሽ ወሰኑን አጥብበሽ «ከ50 እስከ 55» ብትዪ፣ ትክክለኛው ፋይል 48 ተብሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው ስሙን ሳያገኝ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ጾታን የሚያሳየው በተለይ የዳሌ አጥንት ነው፤ ሙሉ ዳሌ የተገኘለት አዋቂ ከሆነ፣ የሠለጠነ ዓይን ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉን በትክክል ይለያል። የራስ ቅል ከዚያ ያነሰ ነው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ላልደረሱ ሕፃናት ግን ከአጥንት ቅርጽ ተነስቶ ጾታን መወሰን አስተማማኝ አይደለም፤ ሪፖርቱ ላይ «አልተወሰነም» ብሎ መጻፍ ነው።

ስለ ቁመት አንድ ስሌት ላሳይሽ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሚልድረድ ትሮተርና ጎልዲን ግሌሰር በ1952 ካወጧቸው ቀመሮች አንዱ፣ ለነጭ አሜሪካውያን ወንዶች የተዘጋጀው፣ የጭን አጥንትን ርዝመት በሴንቲሜትር በ2.38 አባዝቶ 61.41 ይደምራል። አጥንቱ 45 ሴንቲሜትር ከሆነ 168.5 ይመጣል። ጀማሪ «ሟቹ 168.5 ነበር» ብሎ ሊጽፍ ይቃጣዋል። የቀመሩ መደበኛ ስሕተት፣ ማለትም ግምቱ ከእውነተኛው ቁመት የሚርቅበት የተለመደ መጠን፣ ግን 3.27 ስለሆነ፣ ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱን ልያዝ ካልሽ በሁለት እጥፉ ወደ ታችም ወደ ላይም ትሄጃለሽ፤ ከ162 እስከ 175 ይሆናል። በዚህ ላይ ሰው ለመታወቂያ የሚያስመዘግበው ቁመት ብዙ ጊዜ የተጨመረበት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቀመሩ የወጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱ አሜሪካውያን ወታደሮችና በአንድ የአሜሪካ የአጽም ስብስብ ካሉ አጽሞች መሆኑ ነው። እግራቸው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ረዘም ወይም አጠር ያሉ ሕዝቦች ላይ እንዳለ ብትጠቀሚበት ስሕተቱ ከወሰኑ ይወጣል። የየአገሩ ሕዝብ የራሱ ልኬት ያስፈልገዋል የምለው ለዚህ ነው፤ ይህ ጎደሎ በሙያው ውስጥ ከሚያሳስቡኝ ነገሮች ዋነኛው ነው።

ስብስቦቹን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የተማርንባቸው ታላላቅ የአጽም ስብስቦች፣ በዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ሙዚየም ያለውን የቴሪ ስብስብና በክሊቭላንድ ያለውን የሃማን-ቶድ ስብስብ ጨምሮ፣ በብዛት ከድሆችና አስከሬናቸውን የሚወስድ ዘመድ ካልነበራቸው ሰዎች የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ አልተጠየቁም። አጥንትን በ«ዘር» ከፋፍሎ የመሰየም ልማድም አብሮ የወረስነው ነው፤ ዛሬ በሙያው ውስጥ ብርቱ ክርክር ይካሄድበታል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የሰው ልጅ ልዩነት በድንበር የተከፈለ ስላልሆነ አጥንት ላይ የዘር ስም መለጠፍ ፍለጋውን ብዙ ጊዜ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይመራል።

ወደ ጉዳት እንሂድ፤ ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ይህ ክፍል ነው። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ፣ በገባበት በኩል ቀዳዳው በውጭው ገጽ ጠባብ፣ በውስጠኛው ሰፊ ይሆናል፤ በወጣበት በኩል ይህ ይገለበጣል። ከቀዳዳው ጨረር መስለው የሚሮጡ ስንጥቆች አሉ። ሁለት ጥይት ከተተኮሰ፣ የሁለተኛው ስንጥቅ የመጀመሪያው ስንጥቅ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ የተከፈለውን አጥንት ተሻግሮ መሄድ አይችልምና። ስለዚህ የተሰባበረ የራስ ቅል በጠረጴዛ ላይ ተገጣጥሞ ሲያልቅ፣ ስንጥቆቹን በጣት እየተከተልሽ የትኛው ምት ቀድሞ እንደመጣ መናገር ትችያለሽ። መገጣጠሙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስብርባሪውም ከመቃብሩ አፈር በወንፊት ተለቅሞ መሆን አለበት።

እዚህም ወሰን አለ። እርጥብ እንጨትና ደረቅ እንጨት አሰባበራቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ ትኩስ አጥንትና የደረቀ አጥንትም አሰባበራቸው ይለያያል። ትኩሱ ጎበጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ የስብራቱ ጠርዝ ቀለምም ከቀረው ገጽ ጋር አንድ ነው፤ የደረቀው ተሰባሪ ነው፣ አዲሱ ጠርዝም ነጣ ብሎ ይታያል። ሰውየው ከጉዳቱ በኋላ ሳምንታት ኖሮ ከሆነ አጥንቱ መጠገን መጀመሩ ይታያል። አጥንት ግን ሰው በሞተ ማግሥት አይደርቅም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ «በሞት ሰሞን የደረሰ ስብራት» ስንል ከመሞቱ በፊት ወይም ከሞተ በኋላ ሊሆን ይችላል ማለታችን ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ገደለው» የሚለውን ቃል ከአፍሽ ለማግኘት ይጥራል፤ ጠበቃው ደግሞ «ታዲያ ምንም አታውቂም» ሊያሰኝሽ ይሞክራል። መሐል ላይ ጸንቶ መቆም የሚለመደው በልምምድ ነው።

ከሞተ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለውን ጥያቄ በተመለከተ ሙያው ራሱ የሚያስታውሰው ታሪክ አለ። በ1977 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንድ የተነካ መቃብር ውስጥ ሥጋው ገና ቀላ ያለ አስከሬን ተገኘና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ባስ ተጠራ። ከሞተ ከአንድ ዓመት ብዙም ያልዘለለ መሰለው። ሰውየው በ1864 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተገደለ መኮንን ሆኖ ተገኘ፤ አስከሬኑ በመድኃኒት ተጠብቆ በብረት ሣጥን ተቀብሮ ነበር። ልዩነቱ 113 ዓመት ነው። ባስ ነገሩን አልደበቀውም፤ ይልቁንም አስከሬን እንዴት እንደሚፈርስ በሥርዓት የሚጠና ነገር አለመኖሩን ተረድቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኖክስቪል ከተማ በሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የአስከሬን መፍረስ ምርምር ሜዳ አቋቋመ። ዛሬ ስለ ሙቀት፣ ስለ ዝንብ እጭና ስለ አፈር እርጥበት የምናውቀው ብዙው ከዚያና ከእሱ በኋላ ከተከፈቱት ሜዳዎች የመጣ ነው። ያም ሆኖ የጊዜ ግምታችን ዛሬም ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ሕያዋን ልምጣ፤ ለእኔ የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው። ጥሩ የአጽም ሪፖርት የሚነጻጸርበት መረጃ ከሌለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። መረጃው ያለው ቤተሰብ ዘንድ ነው። አንዲትን እናት «ልጅዎ ጥርሱ ተነቅሎ ያውቃል? ወድቆ ተሰብሮ ያውቃል? ሲስቅ የፊት ጥርሱ እንዴት ነበር? ፎቶ አለዎት?» እያልሽ ትጠይቂያለሽ። ብዙ ጊዜ የሚታወሰው እኛ የምንፈልገው አይደለም፤ የሚወደው ምግብ፣ የለበሰው ልብስ፣ የመጨረሻው ንግግር ነው። አታቋርጪም። ትሰሚያለሽ፣ ታዳምጫለሽ፤ መሐል ላይ «በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተጣሞ ቀረ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ መደርደሪያሽ ላይ ያለ ክንድ ትዝ ይልሻል። ያን ጊዜም ፊትሽ ላይ ምንም እንዳይነበብ ትጠነቀቂያለሽ፤ የተጣመመ ክንድ ያለው ሰው አንድ ብቻ አይደለምና። ያልተረጋገጠ ተስፋ መስጠት በዚህ ሙያ ውስጥ ከባዱ በደል ነው።

ይህን መንገድ ለዓለም ያሳዩት አርጀንቲናውያን ናቸው። ከ1976 እስከ 1983 የገዛው ወታደራዊ መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሰውሮ ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ መቃብሮቹ በከባድ ማሽን ይቆፈሩ ጀመር፤ አጥንት ይሰበራል፣ ይቀላቀላል፣ ጥርሶችና ጥይቶች አፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። በ1984 አሜሪካዊው ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስት ክላይድ ስኖው ወደዚያ ሄደ፤ የሚረዳው ባለሙያ ባጣ ጊዜ የአንትሮፖሎጂ፣ የአርኪዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎችን ሰብስቦ በትንሽ ማንኪያና በብሩሽ ቀስ ብሎ መቆፈርን አስተማራቸው። በ1985 የወታደራዊው መንግሥት መሪዎች በተከሰሱበት ችሎት ቀርቦ መሰከረ። ተማሪዎቹ የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ሆኑ፤ ቡድኑም ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ሠርቷል። እነዚያ ወጣቶች ሲጀምሩ ባንቺ ዕድሜ ነበሩ።

በቦስኒያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ነበር። በሐምሌ 1995 በስሬብሬኒሳ ከ8,000 ያላነሱ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ገዳዮቹ የጅምላ መቃብሮቹን በማሽን ቆፍረው አጽሞቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ። የአንድ ሰው አጽም በተለያዩ መቃብሮች ተበታትኖ ተገኘ። በ1996 የተቋቋመው የጠፉ ሰዎች ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ከዘመዶች የደም ናሙና ሰብስቦ ከአጥንት ዲኤንኤ ጋር በማነጻጸር፣ ወደ 7,000 ለሚጠጉት ስማቸውን መልሷል። «ዲኤንኤ ካለ እናንተ ለምን ታስፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። ናሙናው ከየትኛው አጥንት ይወሰድ፣ የተበታተነው እንዴት ይገጣጠም፣ ሰውየው ላይ ምን ደረሰ የሚለውን ዲኤንኤ አይመልስም። ዘመድ ካልተገኘም ዲኤንኤው ብቻውን ስም የለውም።

ያ ሥራ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ለቤተሰብ መቼ ይነገር? የጭን አጥንት ብቻ ተገኝቶ ማንነቱ ሲረጋገጥ አንዳንዱ ቤተሰብ ወዲያው መቅበር ይፈልጋል፤ ሌላው ቀሪው እስኪገኝ ይጠብቃል። ከተቀበረ በኋላ ሌላ ክፍል ሲገኝ ሁልጊዜ እንዲደወልለት የሚፈልግ አለ፤ ሁለተኛ እንዳይደወልለት የሚለምን አለ። በ2001 በኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ከሞቱት 2,753 ሰዎች 40 ከመቶ ያህሉ አጽማቸው ገና ስላልተለየ፣ ይህ ጥያቄ እዚያም ዛሬ ድረስ አለ። ትክክለኛው አሠራር አስቀድሞ መጠየቅ፣ መልሱን በጽሑፍ መያዝና ማክበር ነው።

ስለ አእምሮ የጠየቅሽው ከዚህ ጋር ይያያዛል። አጥንት አያስፈራም፤ ሽታውም ይለመዳል። የሚከብደው ዕቃ ነው። ከአንድ ጃኬት ኪስ የታጠፈ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት አውጥቼ ዘርግቼ አውቃለሁ፤ ቀኑና የመድኃኒቱ መጠን ይነበብ ነበር። የዚያን ቀን አጥንቱን ስለካ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ማዘዣውን ስዘረጋ ግን ወጥቼ አየር መውሰድ ነበረብኝ። ይህ ድክመት አይደለም። መጥፎው ምልክት ምንም አለመሰማት ነው፤ እንዲሁም በየሌሊቱ ያው ነገር መመለስ ነው። ሁለቱም ሲመጡ ከሥራ ባልደረባና ከባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ከቤተሰቦች ጋር ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ሰው ያንኑ ቀን አጽም ባይመረምር ይሻላል እላለሁ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ስለሌለው አይጠብቀውም እንጂ።

የዕለት ኑሮው ደግሞ በብዛት ጸጥ ያለ ነው። አብዛኞቻችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪዎች ነን፤ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ሲጠራን እንሄዳለን። የሙሉ ጊዜ ሥራ ያለው በአስከሬን ምርመራ ተቋማት፣ በጦርነት የጠፉ ወታደሮችን በሚፈልጉ ላቦራቶሪዎች (ትልቁ የአሜሪካው ሲሆን በሃዋይ ነው)፣ በቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ በጓቲማላና በአርጀንቲና ባሉት ዓይነት ቡድኖች ውስጥ ነው። ቦታው ጥቂት፣ ውሉም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። አጥንት በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመዘገባል፤ ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል። አንድ አስከሬን ለማውጣት በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ቀኑን ሙሉ ትውያለሽ፤ ሪፖርቱን ለመጻፍ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ትቀመጫለሽ። እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ከዓመታት በኋላ በችሎት ልትነበብ ትችላለች።

ምን ልማር ላልሽው፣ ባዮሎጂ ጥሩ መነሻ ነው። የሰው አጥንት ጥናትን፣ የሰውነት አወቃቀርንና የአርኪዮሎጂ ቁፋሮን ጨምሪበት፤ ቁፋሮው ላይ በክረምት በበጎ ፈቃድም ቢሆን ተሳተፊ፣ መቃብርን በሥርዓት መክፈት በመጽሐፍ አይለመድም። ቀጥሎ ማስተርስ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የሙያው ቦርድ የሚሰጠውን ከፍተኛውን ማረጋገጫ ለማግኘት ዶክትሬት ግዴታ ነው። አጥንትን መለየት ስትለማመጂ ሙሉውን አጥንት ሳይሆን ስብርባሪውን ያዢ፤ ወደ እጅሽ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ በመዳሰስ ቀኙን ከግራው እስክትለዪ ድረስ ቀጥዪበት። ከሁሉ በላይ ስታቲስቲክስን አትዝለዪ። ብዙ ተማሪ ይሸሸዋል፤ «ከ162 እስከ 175» የሚለው ወሰን ከየት እንደመጣ ለዳኛ ማስረዳት የማይችል ባለሙያ ግን ምስክርነቱ በመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ይወድቃል። በሚቀጥለው ሴሚስተር የምትመርጪው ኮርስ ካለ እሱን ምረጪ።